ከአልጋው በፊት መሬቱ፦ የሳፋሪ ሎጅ አመራረጥ

እንደምን አመሻችሁ። ጊዜያችሁን ስለሰጣችሁን እናመሰግናለን።

የዛሬው ጉዳያችን የዱር እንስሳት ለማየት ስትሄዱ የምታርፉበት ውድ ሎጅ ነው። በምሥራቅና በደቡባዊ አፍሪካ ስማቸው በገነነ የዱር ቦታዎች ላይ ለአንድ ሰው ለአንድ ሌሊት ብዙ መቶ ዶላር፣ አንዳንዴም ከሺህ በላይ የሚያስከፍሉ ሎጆች አሉ። ይህን ያህል ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው ዋሾ ነጋዴ ገጥሞት አይደለም። የሚያሳስተው ፎቶግራፍ ነው። ፎቶው ላይ አጎበር የተዘረጋለት አልጋ፣ ከበረንዳው ጫፍ የመዋኛ ገንዳ፣ ከገንዳው ማዶ ውሃ የሚጠጣ ዝሆን ይታያል። ሁሉም እውነት ነው። ነገር ግን ዝሆኑ በየትኛው ወር እንደሚመጣ፣ መሬቱ የማን እንደሆነ፣ በመሬቱ ላይ ስንት መኪና እንደሚመላለስ፣ መሪ የያዘው ሰው ዱካ ማንበብ ይችል እንደሆነ ከፎቶው ማወቅ አይቻልም። ገንዘባችሁ የሚገዛው እነዚህን አራቱን ነው። አልጋው አምስተኛ ነው።

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት አንድ ማሳሰቢያ፦ ወራቱንና ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጆቹ እንጠራለን፤ ሎጆቹ ዋጋ የሚያወጡት በዚያ ነውና። ሰዓቱን ግን በራሳችን እንቆጥራለን። ከሎጅ የሚላክላችሁ ፕሮግራም «6፡00» ቢል የጠዋቱ 12 ሰዓት ነው። ኬንያና ታንዛኒያ ውስጥ በስዋሂሊ ሰዓት የሚነግራችሁ ሠራተኛ ግን እንደ እኛው ከንጋት ጀምሮ ስለሚቆጥር፣ የመኪናው መነሻ የቱ እንደሆነ ማታውኑ ማረጋገጥ ይገባል።

ከመሬቱ እንጀምር። የኬንያው ማሳይ ማራ ጥሩ ማሳያ ነው። «ማሳይ ማራ» የሚል ስም የያዙ ሁለት ሎጆች ዋጋቸው ተቀራራቢ ሆኖ ለእንግዳው የሚሰጡት ነገር በጣም ሊለያይ ይችላል። አንደኛው ብሔራዊ ጥብቅ ስፍራው ውስጥ ነው። ይህ ስፍራ ወደ 1,500 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ የመግቢያውን የከፈለ ሁሉ ይገባል፤ ከመንገድ መውጣት፣ በሌሊት መንዳት፣ በእግር መሄድ አይፈቀድም። ሁለተኛው ሎጅ ከጥብቅ ስፍራው ጋር በሚዋሰኑት የማኅበረሰብ ጥበቃ አካባቢዎች፣ ለምሳሌ በማራ ኖርዝ፣ በናቦይሾ ወይም በኦላሬ ሞቶሮጊ ይገኛል። እነዚህ የማሳይ ቤተሰቦች መሬቶች ናቸው፤ ባለመሬቶቹ ለሎጆቹ አከራይተው የኪራይ ገንዘብ ይቀበላሉ። የሚገባው እዚያ ያደረ እንግዳ ብቻ ነው። በአንዳንዶቹ ደንብ ለአንድ የእንግዳ ድንኳን ቢያንስ 350 ኤከር፣ ማለትም ወደ 140 ሄክታር መሬት መኖር አለበት። ከመንገድ ወጥቶ አቦሸማኔ መከተል፣ ከመሸ በኋላ በመብራት መዞር፣ ጠዋት በእግር መውጣት ይቻላል። በመካከሉ አጥር ስለሌለ አንበሳው ከወዲያም ከወዲህም ይሄዳል። ለመምረጥ የሚረዳችሁ አንድ ወሳኝ ነገር አለ፦ በጥበቃ አካባቢው ያደረ እንግዳ የመግቢያ ክፍያ ከፍሎ ወደ ጥብቅ ስፍራው ለአንድ ቀን መሄድ ይችላል፤ በጥብቅ ስፍራው ያደረ ግን ወደ ጥበቃ አካባቢው አይገባም።

ክፍያውንም እዚሁ እንጨርሰው። ከጁላይ 2024 ጀምሮ ለማሳይ ማራ ጥብቅ ስፍራ ከውጭ የመጣ አዋቂ ጎብኚ በቀን የሚከፍለው ከጃንዋሪ እስከ ጁን 100 ዶላር፣ ከጁላይ እስከ ዲሴምበር 200 ዶላር ተደርጓል፤ ቀኑም የሚቆጠረው ለ12 ሰዓት ነው። አራት ሆነው በኦገስት ለሦስት ቀን ቢገቡ መግቢያው ብቻ 2,400 ዶላር ነው። እንዲህ ዓይነት ታሪፍ ስለሚለዋወጥ ከመክፈላችሁ በፊት የዓመቱን ጠይቁ፤ የሎጁ ዋጋ መግቢያውን ይጨምር አይጨምር እንደሆነም በጽሑፍ አስመልሱ።

ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተመሳሳይ ልዩነት በክሩገር ብሔራዊ ፓርክና በሳቢ ሳንድ መካከል አለ። ክሩገር ከ19,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ፣ አስፋልት የተነጠፈበት፣ ማንም በራሱ መኪና የሚነዳበት ግሩም ፓርክ ነው። በምዕራብ በኩል የሚዋሰነው ሳቢ ሳንድ የግል ነው፤ በመካከላቸው የነበረው አጥር በ1993 ስለተነሳ እንስሳቱ የጋራ ናቸው። በሳቢ ሳንድ አስጎብኚዎቹ በሬዲዮ ተነጋግረው በአንድ ነብር ዙሪያ ከሁለት ወይም ከሦስት መኪና በላይ እንዳይቆም ያደርጋሉ፤ ነብሩ ቁጥቋጦ ውስጥ ቢገባም ተከትለው ይገባሉ። ነብር በቅርበት ማየት የሕይወት ምኞቱ ለሆነ ሰው ከዚህ የሚሻል ቦታ ማግኘት ከባድ ነው። ግን እዚያም ቢሆን ሎጆቹ ሁሉ እኩል አይደሉም። እያንዳንዱ ሎጅ መኪናው ሊዞርበት የተፈቀደለት የራሱ ክልል አለው፤ አንዱ ሰፊ ወንዝ ዳር ይደርሳል፣ ሌላው ጠባብ ቁራጭ ላይ ይሽከረከራል። ስለዚህ ጥያቄው «ሳቢ ሳንድ ናችሁ ወይ?» መሆን የለበትም። «መኪናችሁ ስንት ሄክታር ላይ ይዞራል? በዚያው መሬት ላይ ስንት መኪና ይሰማራል?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥሩ ሎጅ ሁለቱንም ቁጥሮች ሳያመነታ ይነግራችኋል።

ከበር ውጭ ያለ ሎጅ ደግሞ የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በማስታወቂያው «ከፓርኩ በር አጠገብ» ተብሎ ይጻፋል። ሒሳቡን አስሉት፦ በሩ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ይከፈታል፤ ሎጁ የ40 ደቂቃ መንገድ ይርቃል፤ በሩ ላይ ሰልፍና ወረቀት አለ፤ ከበሩ እስከ ሜዳው ሌላ ግማሽ ሰዓት ይነዳል። አንበሳና ነብር ከአደን የሚመለሱት፣ ግልገሎች የሚጫወቱት፣ ብርሃኑም ለፎቶ ለስላሳ የሚሆነው በዚያችው በመጀመሪያዋ ሰዓት ተኩል ነው። እናንተ ስትደርሱ አንበሳው ጥላ ሥር ተኝቷል፤ እስከ ማታም አይነሳም። ማታም እንዲሁ፣ በሩ ሳይዘጋ ለመውጣት እንስሳቱ መንቀሳቀስ ሲጀምሩ መመለስ ትጀምራላችሁ። በታንዛኒያው ንጎሮንጎሮም ይኸው ነው። የእሳተ ገሞራው ጎድጓዳ ወለል ወደ 260 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን ከአፋፉ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ካራቱ በተባለችው ከተማ አካባቢ የሚያድር ሰው መጀመሪያ እስከ በሩ ይነዳል፣ ወደ አፋፉ ይወጣል፣ ከዚያ ይወርዳል። አፋፉ ላይ ያለ ሎጅ ይህን ያሳጥራል፤ ሆኖም ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ጠዋትም ጭጋግ ዕይታውን ሊሸፍነው ይችላል። ዋናው ነገር ከመውረጃው መንገድ ያለው ርቀት ነው።

አሁን ወደ ወሩ እንለፍ፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነውም እዚህ ላይ ነው። ከሚሊዮን በላይ ዊልደቢስት የተባለ ቀንዳም ሣር በል እንስሳና በመቶ ሺህ የሚቆጠር የሜዳ አህያ የታንዛኒያውን ሴሬንጌቲና የኬንያውን ማራ በዓመት አንዴ ይዞራሉ። እንስሶቹ ዝናብንና አዲስ ሣርን ስለሚከተሉ ቀኑ ከዓመት ዓመት ይለያያል፤ አካሄዱ ግን የታወቀ ነው። ከጃንዋሪ መጨረሻ እስከ ማርች በደቡብ፣ በንዱቱ ሜዳ ላይ ይወልዳሉ። ከሜይ እስከ ጁን በምዕራብ፣ በግሩሜቲ ወንዝ በኩል ያልፋሉ። ከጁላይ እስከ ኦክቶበር በሰሜን፣ በማራ ወንዝ ዙሪያ ናቸው። በኖቬምበር ወደ ደቡብ ይመለሳሉ። ሴሬንጌቲ ወደ 14,760 ካሬ ኪሎ ሜትር ስለሆነ «ሴሬንጌቲ ነን» የሚል ሎጅ በፌብሩዋሪ መንጋው ካለበት የአንድ ሙሉ ቀን መንገድ ርቆ ሊገኝ ይችላል። በፌብሩዋሪ ሰሜን ኮጋቴንዴ ላይ፣ ወይም በኦገስት ንዱቱ ላይ ውድ ድንኳን የያዘ ሰው ጸጥ ያለ ውብ ሜዳ ያያል፤ የመጣበትን ግን አያይም።

ወንዝ ሲሻገሩ ማየት የምትፈልጉ ከሆነ ኬንያ ብቻ አይደለም ያለው። የማራ ወንዝ በሰሜን ሴሬንጌቲም ያልፋል፤ ኮጋቴንዴ አካባቢ ያሉ ካምፖች ከወንዙ በአጭር ርቀት ላይ ናቸው፤ የመኪናው ብዛትም ብዙ ጊዜ ከማራው ያነሰ ነው። መሻገሩን ማንም ዋስትና ሊሰጣችሁ አይችልም። መንጋው ዳር ላይ ግማሽ ቀን ቆሞ ሊመለስ ይችላል። ለዚህ ጉዳይ ሁለት ሌሊት አይበቃም፤ አራት ያዙ። «ተንቀሳቃሽ ካምፕ» የሚባሉትም አሉ፤ ድንኳናቸውን ነቅለው መንጋውን ይከተላሉ። በየሳምንቱ የሚንቀሳቀሱ እንዳይመስላችሁ፤ አብዛኞቹ በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ብቻ ቦታ ይቀይራሉ። በእናንተ ቀን የትኛው ሰፈራቸው ላይ እንደሚሆኑ በስም ይንገሯችሁ።

የቦትስዋናው ኦካቫንጎ ደግሞ ጠንቃቃውን ሰው ሳይቀር ያሳስታል። ዝናቡ የሚዘንበው በአንጎላ ደጋ ላይ ነው፤ ውሃው ቀስ እያለ ወርዶ ወራት ፈጅቶ ስለሚደርስ ጎርፉ ከፍ የሚለው ከጁን እስከ ኦገስት፣ በአካባቢው ዝናብ በሌለበት ወቅት ነው። በበረሃ መካከል፣ በደረቅ ወር፣ ውሃ ይሞላል። ስለዚህ ሎጆቹ በሁለት ይከፈላሉ ማለት ይቻላል፦ ሞኮሮ በተባለችው ቀጭን ታንኳና በጀልባ የሚያስጎበኙ የውሃ ካምፖች፣ በመኪና የሚያስጎበኙ የደረቅ መሬት ካምፖች። በውሃ ካምፕ ብቻ አራት ሌሊት የሚያድር ሰው ወፉን፣ ጉማሬውንና ጸጥታውን ይጠግባል፤ አንበሳ ግን ላያይ ይችላል። በሌላ በኩል ሁለቱንም አለን የሚሉ ካምፖች ጎርፉ በቀነሰ ወር ታንኳውን ሊያቆሙት ይችላሉ። «በምንመጣበት ወር ሁለቱም ክፍት ነው?» ማለት ይገባል። የሚሻለው ሁለት ሌሊት በውሃ ካምፕ፣ ሦስት ሌሊት በደረቅ መሬት ካምፕ ማደር ነው።

የዛምቢያው ሳውዝ ሉዋንግዋ ብሔራዊ ፓርክ የእግር ሳፋሪ ኖርማን ካር በተባለ የዱር እንስሳት ጥበቃ ሰው አነሳሽነት የተጀመረበት ቦታ ነው፤ እስከ ዛሬም በታጠቀ የፓርክ ጠባቂ አጃቢነት በትንንሽ ቡድን የሚኬድበት ምርጥ ቦታ ነው። በዝናብ ወራት ግን አፈሩ እንደ ዋልካ መኪና ስለሚይዝ ጫካ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ካምፖች ይፈርሳሉ፤ በሜይ ወይም በጁን እንደገና ይሠራሉ። ኦክቶበር ላይ ውሃ የሚቀረው በወንዙና በጥቂት ኩሬዎች ብቻ ስለሆነ እንስሳቱ ዓይናችሁ ሥር ይሰበሰባሉ፤ ሙቀቱም ከ40 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ አየር ማቀዝቀዣ በሌለው ድንኳን ቀትሩን ማሳለፍ ለሁሉም ሰው አይሆንም። ሕፃን ወይም አረጋዊ ይዛችሁ ከሆነ ኦገስት ይሻላችኋል።

የአፍሪካ የዱር ውሻ ለማየት የምትጓዙ ደግሞ ልብ በሉ፦ በደቡባዊ አፍሪካ ከጁን እስከ ኦገስት ገደማ ጉድጓድ ውስጥ ግልገል ስለሚያሳድጉ መንጋው በአንድ ቦታ ዙሪያ ይቆያል። በሌላ ጊዜ በቀን ረጅም ርቀት ስለሚሮጡ ዛሬ የታዩት ነገ ከሎጁ ክልል ውጭ ናቸው። ሎጁን «በዚህ ዓመት ጉድጓዱ በእናንተ ክልል ነው?» ብሎ መጠየቅ አዋቂነት ነው።

የቀረው አስጎብኚው ነው። ድንኳኑን የሠራው አርክቴክት ለጉብኝታችሁ አንድም ነብር አያገኝላችሁም። ጥሩ አስጎብኚ ሞተሩን ያጠፋል። ኢምፓላ የተባሉት አጋዘን መሰል እንስሳት በሙሉ ወደ አንድ አቅጣጫ አፍጥጠው ሲያስነጥሱ፣ ዝንጀሮ ከዛፍ ጫፍ ሲጮህ፣ የጠዋት ጤዛ ላይ የተረገጠ ሣር ሲያይ ሳትጠይቁት ያቆማል። ደካማው አስጎብኚ የሚከተለው ሬዲዮውን ነው፤ ሌላው መኪና ያገኘውን አንበሳ ለማየት ሃያ ኪሎ ሜትር ይበራል፣ በመንገዱ ላይ የነበረውን ሁሉ ያልፋል፣ ሲደርስም ስምንት መኪና ይጠብቀዋል። በብዙ የደቡብ አፍሪካ የግል ሎጆች ከመኪናው ፊት ለፊት በተሠራች ወንበር ላይ ሌላ ሰው ይቀመጣል፤ ዱካ አንባቢው ነው። አስጎብኚና ዱካ አንባቢ ለዓመታት አብረው የሠሩበት ሎጅ ከሌላው የሚለይበት ልዩነት በመጀመሪያው ጠዋት ይታወቃል።

የሙያ ማረጋገጫ ስለመኖሩም ጠይቁ። በኬንያ የሙያ ሳፋሪ አስጎብኚዎች ማኅበር ፈተና ሰጥቶ የነሐስ፣ የብርና የወርቅ ደረጃ ይሰጣል፤ ወርቅ ያላቸው በጣም ጥቂት ናቸው፤ የብር ደረጃ ያለው አስጎብኚ ያላቸው ሎጆች ጥሩ ዕድል ናቸው። ዚምባብዌ ለሙያ አስጎብኚ የምትሰጠው ፈቃድ ዓመታት የሚወስድ ልምምድና ከባድ የተግባር ፈተና ያለበት ነው፤ በእግር ለመሄድ የምታስቡ ከሆነ ይህን ፈቃድ የያዘ ሰው መምራቱ የደህንነት ጉዳይ ነው። ከወረቀቱ በተጨማሪ ሁለት ነገር ይጠየቅ፦ አስጎብኚው በዚህ መሬት ላይ ስንት ዓመት ሠርቷል? በቆይታችን በሙሉ እሱው ነው ወይስ በየቀኑ ይለዋወጣል?

መኪናውም ከአስጎብኚው ጋር አብሮ ይታያል። የተለመደው ክፍት ላንድ ክሩዘር ሦስት ረድፍ አለው፤ በየረድፉ ሦስት ሰው ከተቀመጠ ከመካከል ያለው ሰው የሚያየው የጎረቤቱን ጆሮ ነው። ጥሩ ሎጅ በአንድ መኪና ከስድስት ሰው በላይ አይጭንም፤ አንዳንዱ አራት ብቻ። ቁጥሩን በጽሑፍ ያዙ። ፎቶ አንሺ ከሆናችሁ፣ ወይም ትንንሽ ልጆች ካሏችሁ፣ መኪናውን ለብቻ መከራየት ውድ ቢሆንም ከትልቅ ክፍል ይልቅ ገንዘቡን እዚህ ላይ ማዋል እንመክራለን። አቦሸማኔ ስታደባ አንድ ሰዓት ተኩል መጠበቅ የምትችሉት ሌላው እንግዳ «ቁርስ ደረሰ» ካላለ ነው። ለካሜራ ማስደገፊያ ባቄላ ወይም ሩዝ የሚሞላበት ከረጢት ይዛችሁ ሂዱ፤ ባዶውን ያዙት፣ እዚያ ይሞላላችኋል።

ቆይታውን በሌሊት ብዛት አትቁጠሩ፤ በጉብኝት ብዛት ቁጠሩ። አንድ ሌሊት ያደረ ሰው ከሰዓት አንዴ፣ ጠዋት አንዴ፣ በድምሩ ሁለት ጊዜ ይወጣል። ሁለት ሌሊት አራት፣ ሦስት ሌሊት ስድስት ይሆናል። አንዱ ጉብኝት ሦስት ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ሦስት ሌሊት ማለት በሜዳው ላይ 21 ሰዓት ነው። አንድ ዝናብ፣ አንድ የዘገየ በረራ ሲቀነስ ሁለት ሌሊቱ ወደ ሁለት ጉብኝት ይወርዳል። በሰባት ሌሊት አራት ሎጅ የሚያዞር ፕሮግራም ካቀረቡላችሁ አትቀበሉ፤ ከቦታ ቦታ በተዛወራችሁ ቁጥር ቢያንስ አንድ ጉብኝት ይጠፋል። ሁለት ሎጅ፣ በሁለት የተለያየ ዓይነት መሬት፣ ሦስትና አራት ሌሊት ይበቃል።

መዛወሩ በመኪና ወይም በትንሽ አውሮፕላን ነው። ከአሩሻ እስከ መካከለኛው ሴሬንጌቲ በመኪና ከሰባት እስከ ስምንት ሰዓት ይፈጃል፤ መንገዱ አቧራና ኮረኮንች ነው። በአውሮፕላን የሚሄደው አብዛኛው ሰው ሴስና ካራቫን ላይ ይሳፈራል። የሻንጣው ገደብ በኬንያና በታንዛኒያ ብዙውን ጊዜ የእጅ ቦርሳን ጨምሮ 15 ኪሎ፣ በቦትስዋና 20 ኪሎ ነው፤ ሻንጣውም ጎማና ጠንካራ ጀርባ የሌለው፣ የሚጣጠፍ መሆን አለበት፤ ዕቃ የሚጫንበት ከአውሮፕላኑ ሆድ ሥር ያለው ሳጥን ጠባብ ነውና። ጠንካራ ሻንጣ ይዞ የመጣ ሰው በመነሻው አየር ማረፊያ ትቶት ይሄዳል። የካሜራ ዕቃ ከበዛ ተጨማሪ ወንበር መግዛት ይቻላል፤ ያ ግን አስቀድሞ የሚያዝ ነው። 15 ኪሎ ለአንድ ሳምንት ይበቃል፤ አብዛኞቹ ውድ ሎጆች ልብስ በየቀኑ ያጥባሉ።

ስለ ክፍሉ በአጭሩ። ሸራ ድንኳን ከግንብ ክፍል የሚያንስ እንዳይመስላችሁ፤ ሌሊት የጅብና የአንበሳ ድምፅ የሚገባው በሸራ ነው። የሚጠየቀው ሌላ ነው፦ መብራቱ በፀሐይ ኃይል ከሆነ የፀጉር ማድረቂያ ላይሠራ ይችላል፤ ሌሊት በመተንፈሻ መሣሪያ የሚተኛ ሰው ካለ እስከ ንጋት የሚዘልቅ ኤሌክትሪክ መኖሩን ማረጋገጥ ግዴታ ነው። ጄኔሬተር ካለ ከየትኛው ክፍል ጎን እንደሆነ ጠይቁና ያንን ክፍል አትያዙ። ከክፍሉ እስከ ምግብ አዳራሹ በእንጨት መተላለፊያ 400 ሜትር የሚያስኬዱ ሎጆች አሉ፤ ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ቅርቡን ክፍል አስቀድማችሁ ያዙ። አጥር በሌለው ካምፕ ከመሸ በኋላ ያለ ጠባቂ ከክፍል መውጣት ክልክል ነው፤ ዝሆንና ጎሽ በክፍሎቹ መካከል ያልፋሉ። በጁንና በጁላይ ጠዋት ደቡብ አፍሪካና ቦትስዋና ውስጥ ብርዱ ወደ አምስት ዲግሪና ከዚያም በታች ይወርዳል፤ በክፍት መኪና ላይ ነፋሱ ሲጨመር ጓንትና የሱፍ ኮፍያ ያስፈልጋል። ጥቁርና ሰማያዊ ልብስ ደግሞ ፄፄ የተባለችውን የቆላ ዝንብ ስለሚስብ በታራንጊሬ፣ በምዕራብ ሴሬንጌቲና በሉዋንግዋ አይለበስም።

ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ዕድሜውን መጀመሪያ አጣሩ። ብዙ ካምፖች ከስድስት ወይም ከስምንት ዓመት በታች አይቀበሉም፤ ለእግር ሳፋሪ የተለመደው ወለል 12 ነው። ከወባ ነፃ የሆነ ቦታ ለልጆችና ለነፍሰ ጡር ትልቅ ዕረፍት ነው፦ በደቡብ አፍሪካ ማዲክዌ፣ ፒላንስበርግና የምሥራቅ ኬፕ ጥብቅ ስፍራዎች እንዲህ ናቸው። ማዲክዌ ወደ 750 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን፣ አንበሳ፣ ዝሆን፣ አውራሪስና የዱር ውሻ ያሉበት ስፍራ ነው። አጥር ያለው መሆኑ እውነት ነው፤ በውስጡ ሆናችሁ ግን ብዙም አይሰማችሁም። በሌሎቹ ቦታዎች የወባ መከላከያ ሐኪም ያዝላችኋል። አቶቫኮንና ፕሮጓኒል የተቀላቀለበት እንክብል ከመግባት አንድ ወይም ሁለት ቀን በፊት ተጀምሮ ከወጡ በኋላ ሰባት ቀን ይዋጣል፤ ዶክሲሳይክሊን ግን ከወጡ በኋላ አራት ሳምንት ይቀጥላል። ቤት ሲገቡ እንክብሉን የሚያቆሙ ሰዎች ሊታመሙ ይችላሉ። የቢጫ ወባ ክትባት ምስክር ወረቀት የሚጸናው ከተከተቡ ከአሥር ቀን በኋላ ነው፤ በበረራው ዋዜማ የሚከተብ ሰው ድንበር ላይ ሊቸገር ይችላል።

ዋጋውን ስታነጻጽሩ ሁለት ሎጆችን በአንድ ሚዛን አስቀምጡ። «ሙሉ ምግብ» የሚለው ዋጋ ጉብኝቱን አይጨምርም፤ «ሁሉን ያካተተ» የሚለው ጉብኝትን፣ ምግብን፣ አብዛኛውን መጠጥና የልብስ እጥበትን ይጨምራል፤ የፓርክ መግቢያ፣ የጥበቃ ክፍያና የውስጥ በረራ ግን ከውጭ ሊቀሩ ይችላሉ። በርካሽነቱ ያማለላችሁ ሎጅ እነዚህ ሲደመሩበት ከሌላው ሊበልጥ ይችላል። የሚጻፈው ዋጋ በአንድ ክፍል ሁለት ሰው ሲያድር የሚከፍለው የየሰው ድርሻ ነው፤ ብቻውን የሚሄድ ሰው ተጨማሪ ይጠየቃል። ያንን ተጨማሪ በዝናብ ወራት የሚተዉ ካምፖች አሉ። በእነዚያው ወራት ዋጋው እስከ ግማሽ ሊወርድ ይችላል፤ ሣሩ ረጅም ስለሆነ አዳኞችን ማየት ይከብዳል፤ ወፍ ለሚወድ ሰው ግን ምርጡ ጊዜ ነው። በቦትስዋናው ማዕከላዊ ካላሃሪ እንዲያውም ጥሩው ወቅት የዝናቡ ነው፤ ሣር የበቀለባቸው ረባዳ ሜዳዎች ላይ ሳላና አቦሸማኔ ይሰበሰባሉ። ለኦገስት የሚሆን ትንሽ ካምፕ ስድስት ወይም ስምንት ድንኳን ብቻ ስላለው ከአንድ ዓመት በፊት ሊሞላ ይችላል።

መታለፍ የሌለበት አንድ ጉዳይ አለ። የአንበሳ ግልገል የሚያሳቅፍ ወይም ከአንበሳ ጋር በእግር የሚያስኬድ ቦታ፣ ምንም ያማረ ሎጅ ይኑረው፣ አትሂዱ። ግልገሎቹ ለዚሁ ተብለው እንዲወለዱ የተደረጉ፣ ከእናታቸውም የተነጠሉ ናቸው፤ ሲያድጉ ወደ ዱር መመለስ አይችሉም። ሐቀኛ ሎጅ እንስሳውን አይመግብም፣ አይነካም፣ አያሳቅፍም። ለባለመሬቶቹ ምን ያህል ኪራይ እንደሚከፈል፣ ከሠራተኛው ስንቱ ከአካባቢው መንደር እንደሆነ ብትጠይቁት መልሱ ዝግጁ ነው። ስለ ውሃም ጠይቁ፤ ደረቅ አገር ላይ በየክፍሉ የመዋኛ ገንዳ ያለው ሎጅ ውሃውን ከየት እንደሚያመጣ ማወቅ መብታችሁ ነው።

በመጨረሻ ከመክፈላችሁ በፊት የጉዞ መድኅናችሁ በአውሮፕላን ወደ ሆስፒታል መወሰድን መሸፈኑን አንብቡ። በምሥራቅ አፍሪካ አምሬፍ የተባለው የአየር አምቡላንስ ድርጅት የበረራ ሐኪሞች ከናይሮቢ ዊልሰን አየር ማረፊያ ይነሳሉ። በጫካ ያሉት የአውሮፕላን ማረፊያዎች አብዛኞቹ መብራት የላቸውም፤ አመሻሽ ላይ የታመመ ሰው እስኪነጋ ካምፑ ውስጥ ያድራል። ስለዚህ የልብ ወይም የስኳር ሕመም ያለበት ሰው አብሯችሁ ካለ፣ ሎጁ ውስጥ የመጀመሪያ ዕርዳታ የሰለጠነ ሰው ሌሊት መኖሩን፣ ኦክሲጅን መኖሩን፣ ከክፍሉ እርዳታ የሚጠራበት ሬዲዮ ወይም ፊሽካ መሰጠቱን፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ በመኪና ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ጠይቁ። መድኃኒቱን በሁለት ቦርሳ ከፍላችሁ ያዙ፤ ኢንሱሊን ከሆነ የክፍሉ ማቀዝቀዣ ሌሊትም እንደሚሠራ በጽሑፍ ያረጋግጡላችሁ።

አሁን ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።